ፓምፑ በቆመ ቁጥር አርዱዪኖው ለምን ያብዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው (አርዱዪኖ ኮድ ተጽፎበት ሌላ ዕቃ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው)፦ «ጅማ ሄርማታ ነው የምኖረው። ለግቢያችን ሮቶ ውሃ የሚሞላ መቆጣጠሪያ በአርዱዪኖ ኡኖ ሠራሁ። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ስዊች አለ፣ ገመዱ 25 ሜትር ይሆናል። ቦርዱ ሰማያዊዋን የሪሌ ሞጁል (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ትንሽ ማብሪያ) ያዛል፣ ሪሌዋ ኮንታክተሩን (ትልቁን ማብሪያ)፣ ኮንታክተሩ ደግሞ የ1.5 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ያስነሳል። ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ሙሉ አንዴም አልተሳሳተም። ቦታው ላይ ስገጥመው ግን ፓምፑ በቆመ ቁጥር ኤልሲዲው የማይነበብ ነገር ይጽፋል፣ አንዳንዴ ቦርዱ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ሲጀምር ደግሞ ፓምፑ ማንም ሳያዘው ይነሳል። ሁለት ቦርድ ቀየርኩ፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ኮዱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ምን ቀረኝ?»

ወንድሜ፣ ቦርድ መቀየሩን ተው። ቦርዱ ደህና ነው። ኮድህንም ሳላየው ደህና ነው እላለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት የሠራ ኮድ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ አይበላሽም። የተለወጠው አካባቢው ነው። ጠረጴዛህ ላይ ምናልባት ኮንታክተር አልነበረም፣ 25 ሜትር ገመድም አልነበረም፣ ሁሉም ነገር ከላፕቶፕህ ዩኤስቢ ነበር የሚሠራው።

ከጻፍከው ውስጥ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ «በቆመ ቁጥር» ያልከው ነው። ብዙ ሰው ይህን አይለይም። «ፓምፑ ሲሠራ ይረበሻል» ብሎ ይተወዋል። ሲነሳ የሚመጣ ችግርና ሲቆም የሚመጣ ችግር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ሲነሳ ከሆነ ዲናሞው ለመነሳት ከወትሮው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይጎትታል፣ መስመሩ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ የቦርዱ ቻርጀር ይራባል። እሱ የኃይል ማነስ ነው። ሲቆም ግን ማንም ምንም አይጎትትም። ታዲያ ምን ሆነ? እዚያች ቅጽበት ላይ አንድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የነበረ ከረንት በድንገት መንገድ አጥቷል ማለት ነው።

ፓምፕ ላይ ስለምትሠራ በውሃ ልንገርህ። ውሃ በቧንቧ ውስጥ እየሮጠ ሳለ ቫልቩን በአንዴ ስትዘጋው «ዷ» ብሎ ቧንቧው ይናወጣል አይደል? ውሃው መቆም አልፈለገም። በኮንታክተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያለው ከረንትም እንደዚያው ነው። የሪሌዋ ጥርስ ሲከፈት ከረንቱ መሄዱን መቀጠል ስለሚፈልግ ቮልቴጁን መቶዎች፣ አንዳንዴም ከ1000 ቮልት በላይ ያደርሰውና የተከፈተውን ክፍተት በብልጭታ ይሻገራል። ያቺ ብልጭታ ነች ጣጣው ሁሉ። በማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ስለምትነሳና ስለምትጠፋ ሽቦ ለሽቦ ብቻ አትሄድም። አጠገቧ ያለ ማንኛውም ሽቦ ውስጥ ትዘላለች።

1000 ማይክሮፋራዱ ያልሠራውም ለዚህ ነው። ትልቅ ካፓሲተር ዘገምተኛ ነው፣ እሱ እስኪነቃ ብልጭታዋ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ፈጣኑ ትንሹ ነው፦ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ፣ ከቺፑ ቪሲሲ (ኃይል መግቢያ) እና ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) እግር ሥር ተጠግቶ የተበየደ። «ተጠግቶ» ያልኩት ለወግ አይደለም፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ሽቦ ወደ 10 ናኖሄንሪ የሚጠጋ ኢንዳክታንስ አለው፣ ለእንዲህ ያለ ፈጣን ነገር ያ ግድግዳ ነው። ኡኖው ላይ እነዚህ ትንንሽ ካፓሲተሮች ቀድሞውኑ አሉ። ራስህ በብሬድቦርድ ወይም በቀዳዳ ቦርድ የሠራኸው ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

አሁን ከመግዛትህ በፊት ሞክር። ብሬከሩን አጥፋ፣ በቴስተር አረጋግጥ፣ ከዚያ ከኮንታክተሩ መውጫ ላይ የፓምፑን ሽቦዎች ንቀል። ኮንታክተሩ ባዶውን «ጧ ጧ» ይበል። አሁንም ቦርዱ ካበደ ጥፋቱ የኮንታክተሩ ጥቅል ሽቦ ነው። ከዳነ ፓምፑ ነው። ቀጥሎ ቦርዱን ከቻርጀሩ ነቅለህ በፓወር ባንክ አሠራው (አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚጎተተው ከረንት ትንሽ ሲሆንበት ራሱን ያጠፋል፣ ያንን ሪሴት ነው ብለህ እንዳትሸወድ)። በፓወር ባንክ ሰላም ከሆነ ብጥብጡ በመብራት መስመሩ በኩል ነው የሚገባው። አሁንም ካለ የተንሳፋፊውን ገመድ ከቦርዱ ንቀልና በእሱ ፋንታ አጭር ሽቦ አስገባ፣ ያኔ ከዳነ ብጥብጡ በገመዱ በኩል ነው የሚገባው። ሦስት ሙከራ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ሁለት ቦርድ ከመግዛት በጣም ይረክሳል።

እኔ ግምቴን ልንገርህ፣ ሪሴቱ ከኮንታክተሩ ጥቅል ሽቦ ነው። ብዙ ቦታ «ዳዮድ ጨምር» የሚል ምክር ታያለህ። ትክክል ነው፣ ለዲሲ ጥቅል ሽቦ። ሰማያዊዋ ሪሌ ሞጁል ላይ ያ ዳዮድ ተበይዶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከእሷ በኩል ሰላም ነህ። ያንተ ኮንታክተር ግን በ220 ቮልት ኤሲ የሚሠራ ነው፣ እሱ ላይ ዳዮድ ብታስር በግማሹ ዑደት ሾርት ሆኖ ሪሌዋን ወይም ፊውዙን ይዞ ይሄዳል። ይህን ተጠንቀቅ፣ አንድ ልጅ እንዲህ አድርጎ ፊቴ ላይ ጭስ አስነስቷል።

ለኤሲ የሚሆነው ስነበር የሚባለው ነው፦ 100 ኦም ሬዚስተር ባለ 1 ዋት ወይም 2 ዋት፣ ከ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጋር ተከታትሎ የታሰረ። ካፓሲተሩ የግድ ኤክስ2 የሚል ጽሑፍና 275 ቮልት ኤሲ ያለበት ይሁን። 400 ቮልት ዲሲ የሚል ተራ ካፓሲተር መብራት ላይ አትሰር፣ ሲሞት ሾርት ሆኖ ሊቃጠል ይችላል። ኤክስ2 እሳት እንዳያስነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። ከእሱ ጎን ቫሪስተር ጨምር፣ ቮልቴጅ ከልኩ ሲያልፍ ትርፉን የሚውጥ ዕቃ ነው። 14ዲ471 የሚለው 300 ቮልት ኤሲ ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል፣ የእኛ መብራት አንዳንዴ ከፍ ስለሚል 14ዲ431ን አልመርጥም።

የት ነው የሚታሰረው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ኮንታክተሩ ላይ፣ ኤ1 እና ኤ2 በሚሉት ሁለት ብሎኖች መካከል፣ እግሩን አሳጥረህ። ቦርዱ ሳጥን ውስጥ አይደለም፣ ብልጭታው የሚወለደው እዚያ አይደለማ! አንዳንዱ ሰው ደግሞ በሪሌዋ ጥርስ ላይ ያስረዋል። ይሠራል፣ ግን 100 ናኖፋራድ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ወደ 7 ሚሊአምፒር ያሳልፋል፣ ጥርሱ ተከፍቶም ቢሆን። ትንሽ ኮንታክተር ወይም ትንሽ የኤሲ ሪሌ ያንን 7 ሚሊአምፒር ይዞ «እዝዝዝ» እያለ ላይለቅ ይችላል። ፓምፑ ጠፍቷል ብለህ ስትተኛ ሮቶው ይሞላና ግቢው ወንዝ ይሆናል።

ሁለተኛው በር ሞጁሉ ራሱ ነው። ሻጮቹ «ኦፕቶኮፕለር አለው፣ ለብቻው የተለየ ነው» ይላሉ። አለው። ትዕዛዙን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን የሚያሻግር ዕቃ ነው። ግን ጄዲ-ቪሲሲ (የሪሌዋ ኃይል መግቢያ) እና ቪሲሲ በሚሉት መካከል ያለችው ጃምፐር (ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ) እስካለች ድረስ ኦፕቶኮፕለሩ ጌጥ ነው፣ ሁለቱም ወገን አንድ ኃይልና አንድ ግራውንድ ይጋራሉ። ጃምፐሯን ንቀል። ለጄዲ-ቪሲሲና ለሞጁሉ ግራውንድ የራሱን 5 ቮልት ቻርጀር ስጠው። ከአርዱዪኖ ወደ ሞጁሉ ቪሲሲና የትዕዛዝ ሽቦው ብቻ ይሂዱ፣ ግራውንድ አታገናኝ። «ግራውንድ ሳይገናኝ እንዴት ይሠራል?» ትል ይሆናል። በብርሃን ነዋ! መለያየቱ ማለት ይህ ነው። አንድ ሪሌ ብቻ ያለው ሞጁል ላይ ይህች ጃምፐር ብዙ ጊዜ የለችም፣ ያንተ እሱ ከሆነ ባለ ሁለቱን ፈልግ።

ወደ ብየዳ ቤቱ ልምጣ። ይህ ከሌላው የተለየ በሽታ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሪሴት ሳይሆን የውሸት ትዕዛዝ ነው። ቦርዱ ጤነኛ ሆኖ ነው የተሳሳተ ነገር የሚሰማው። የተንሳፋፊውን ገመድ ያስገባኸው ቀጥታ ወደ ቺፑ እግር፣ በቺፑ የውስጥ ፑልአፕ (እግሩን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ያ ፑልአፕ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ነው። በጣም ደካማ ነው። 25 ሜትር ገመድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲወርድ አንቴና ነው፣ 50 ኪሎ ኦምን ለማንቀሳቀስ ደግሞ የአንድ ሚሊአምፒር አሥረኛ ይበቃል። ከዚህም ሌላ የቺፑ እግር የሚችለው ከግራውንድ በታች 0.5 ቮልት፣ ከቪሲሲ በላይ 0.5 ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ሁሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎዳዋል።

ገመዱ በየት በኩል እንደሚሄድ አልነገርከንም። ከፓምፑ የመብራት ገመድ ጋር በአንድ ኮንዲዩት ከገባ ጨዋታው አልቋል። ይህን የምለው ተቀጥቼ ስለተማርኩት ነው። አንድ ወቅት ወደ አጋሮ መንገድ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተጠርቼ ሄድኩ፣ የመለቀሚያ ወቅት ስለነበር እሸት ቡናው በጆንያ ተከምሮ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። የመፈልፈያው ዲናሞ ሲቆም መቆጣጠሪያው ይዘጋል። ቺፕ ቀየርኩ። ሌላ ቺፕ ቀየርኩ። ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ። ሌሊቱ ተጋመሰ። በመጨረሻ ጥበቃው ነበር «ይሄ ቀጭኑ ገመድስ ከወፍራሙ ጋር ለምን ታሰረ?» ያለኝ። የሴንሰሩ ገመድ ከዲናሞው ገመድ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ ላይ ተጠፍሮ 15 ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ማሰሪያውን ቆርጠን ገመዱን በሌላ ግድግዳ አዞርነው፣ ዳነ። ለጥበቃው ቡና ጋበዝኩት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ስለዚህ ያንተንም ለይ። ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ መገናኘት ግድ ከሆነ እንደ መስቀል ይቋረጡ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ሁለቱ የተንሳፋፊው ሽቦዎች የተጠማዘዙ ይሁኑ። የኔትወርክ ኬብል አንድ ጥንድ በቂ ነው፣ ተጠማዞ ነው የሚመጣው። መጠማዘዙ ብጥብጡን ሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ያሳርፈዋልና አንዱ ሌላውን ይሰርዘዋል።

ከዚያ በ5 ቮልት ሳይሆን በ12 ቮልት አሠራው። ከ12 ቮልት በ2.2 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ተንሳፋፊው፣ ከተንሳፋፊው ተመልሶ ወደ ፒሲ817 ኦፕቶኮፕለር መብራት። 5 ሚሊአምፒር ገደማ ይፈሳል። አሁን ብየዳው ሊያታልልህ ከፈለገ ቮልት ብቻ ሳይሆን በርካታ ሚሊአምፒር ማምጣት አለበት፣ ያ ደግሞ ለአንቴና ከባድ ነው። በኦፕቶኮፕለሩ መብራት ላይ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ ገልብጠህ እሰር፣ የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ እንዳይገለው። በቺፑ በኩል 4.7 ኪሎ ኦም ፑልአፕ፣ ከዚያ 10 ኪሎ ኦምና 100 ናኖፋራድ ማጣሪያ፣ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገያል። የ12 ቮልቱ ኃይል ከአርዱዪኖው ግራውንድ ጋር እንዳይገናኝ፣ ከተገናኘ ሁሉም ልፋት ውሃ በላው።

በኮዱ ደግሞ ታጋሽ ሁን። ሮቶ በአንድ ሰከንድ አይጎድልም። ተንሳፋፊው ሦስት ሰከንድ ሳያቋርጥ «ጎድሏል» ካላለ ፓምፑን አታስነሳ። የፓምፑንም ጊዜ ገድብ፣ ሮቶህ በ40 ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ በ60 ደቂቃ የግድ ይጥፋ። ይህ የኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ነው።

ኤልሲዲው ላይ የሚመጣው የማይነበብ ነገር ሪሴት ነው ብለህ አትደምድም። ባለ 16 ፊደል ባለ ሁለት መስመሩ ኤልሲዲ በአራት ሽቦ ሲሠራ አንዱን ፊደል በሁለት ግማሽ ይቀበላል። በመካከል አንዲት የውሸት ምት ከገባች ግማሾቹ ይዛባሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ወፍ ቋንቋ ነው። ቺፑ ግን ሥራውን በሰላም እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሪሌው በተለወጠ ቁጥር ግማሽ ሰከንድ ቆይተህ ኤልሲዲውን ከመጀመሪያው የሚያስጀምረውን ትዕዛዝ እንደገና ጥራ፣ ገመዱንም ከ15 ሴንቲ ሜትር አታስበልጠው። ፈውስ ሳይሆን ማስታገሻ ነው፣ ግን ይሠራል።

እውነተኛውን ሪሴት ለመለየት ኤምሲዩኤስአር የሚባል ሬጅስተር አለ፣ ቺፑ በምን ምክንያት እንደተነሳ ይጽፍበታል፦ በመብራት መምጣት፣ በሪሴት እግር፣ በቮልቴጅ መውረድ ወይም በዋችዶግ (ኮዱ ሲቆም ቺፑን እንደገና በሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ)። ኡኖ ላይ ያለው ቡትሎደር (ኮድህን የሚያስጀምረው ትንሽ ፕሮግራም) ግን ኮድህ ከመጀመሩ በፊት ያጠፋዋል፣ ዜሮ ሆኖ ብታገኘው አትደነቅ። ቡትሎደሩን ትተህ ኮዱን በፕሮግራመር ዕቃ ቀጥታ ወደ ቺፑ ካስገባኸው ታየዋለህ። ፕሮግራመር ካገኘህ የቮልቴጅ መውረድ ገደቡንም አስተካክል። ኡኖ በ2.7 ቮልት ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ቺፑ በ16 ሜጋኸርዝ ለመሥራት ግን ቢያንስ 3.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። በመካከሉ ያለው ሰፈር ቺፑ በግማሽ ልብ እየሠራ የሚዘባርቅበት ነው። 4.3 አድርገው፣ ጥርት ብሎ ይጥፋ፣ ጥርት ብሎ ይነሳ።

ዋችዶግም አብራ፣ ከ16 ሚሊ ሰከንድ እስከ 8 ሰከንድ ይሞላል፣ ላንተ 4 ሰከንድ ደህና ነው። የድሮ ቡትሎደር ባለው ናኖ (ትንሹ አርዱዪኖ) ላይ ግን አትሞክረው፣ ዋችዶጉ ሪሴት ካደረገው በኋላ በዚያው እየተሽከረከረ ይቀራል።

ግራውንድን በአጭሩ፦ የሳጥኑን ብረት ከኧርዝ ጋር አገናኝ፣ የቦርዱን ግራውንድ ግን ከኒውትራል ጋር በፍጹም። ኧርዝ የምትለው ሶኬትህ ላይ በእውነት መኖሩንም በኤሌክትሪሺያን አስለካ፣ እኔ በገባሁባቸው ብዙ ቤቶች ሦስተኛዋ ቀዳዳ ለይስሙላ ናት።

መብረቅ? ጅማ ሆነን ይህን መዝለል አይቻልም፣ ዝናቡ ከሌላው ቦታ ይልቅ ከእኛ ጋር ይቆያል። ቫሪስተሩ ሩቅ የወረደ መብረቅ በመስመሩ የሚልከውን ያለዝባል፣ ቤቱ ላይ ቀጥታ ከወረደ ግን ምንም አያድንህም። ቫሪስተር በየምቱ ይደክማል፣ ስለዚህ ከፊቱ ፊውዝ ይኑር፣ ከጠቆረ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይረው። ነጎድጓድ ሲበረታ መንቀል እስከ ዛሬ ያገኘሁት ርካሹ መከላከያ ነው።

ዕቃውን ከየት ላምጣ ካልክ፣ ከአዲስ አበባ አትጠብቅ። የሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከጥገና ቤት በርካሽ ታገኛለህ። መብራት የሚገባበት ጎን ላይ ቢጫ ወይም ግራጫ አራት ማዕዘን ኤክስ2 ካፓሲተሮች አሉ፣ ሁለት ጥቅልል የተጠመጠመበት ቾክ (ብጥብጥ የሚያግድ ጥቅል ሽቦ) አለ፣ ብዙ ጊዜ ቫሪስተርም አለ። ቾኩን ከቦርዱ ቻርጀር በፊት በመብራቱ መስመር ላይ አስገባው፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥም ሥራው ያው ነበር። ከመፍታትህ በፊት ግን ትልልቆቹ ጥቁር ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ይዘው ሊቆዩ እንደሚችሉ አትርሳ። በ10 ኪሎ ኦም፣ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር እግራቸውን አገናኝተህ ግማሽ ደቂቃ ያዝ፣ በቴስተር ለካ፣ ከ10 ቮልት በታች ከሆነ ካውያህን አሙቅ። ሦስቱን ሙከራ ጨርሰህ ፓምፑ ተነቅሎም ቦርዱ ካበደ ወይም ካላበደ ጻፍልኝ፣ ሽቦዎቹ የሚሄዱበት ግልጽ ሆኖ የሚታይ የሳጥኑን ፎቶ ጨምርበት።